መጠነኛ የውሃ እጥረት

ልጄ ባለፈው ሳምንት ከሸሕዲ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ መሥሪያ ቤቱ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ሪፖርት አጻጻፍ እንዳሠለጠነው ባሚያውን በዳቦ እያጠቀሰ ነገረኝ። «ለካ ራሱን የቻለ ሙያ ነው አባባ!» አለ። ሪፖርት መጻፍ እኔም ተምሬያለሁ፤ የትምህርቱን ዋጋ የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው።

በደርግ ጊዜ፣ ከመተማ ወዲህ ባለ አንድ የመንግሥት እርሻ ላይ ካቦ ነበርኩ። ካቦ ያደረገኝ ጠባዬ አይደለም፤ ጠባዬማ ያኔም ክፉ ነበር። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስለቆጠርኩ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት በአውራ ጣቴ ስፈርም ኖሬ ስሜን በእስክሪብቶ መጻፍ ስችል፣ የማልችለው ነገር ያለ አልመስልህ አለኝ። ሞኝ ነበርኩ።

የእርሻው ጸሐፊ ጋሼ ታምራት መንገዱን አሳዩኝ። «መጀመሪያ አብዮቱን ታወድሳለህ። ከዚያ የተሠራውን ሁሉ ትደረድራለህ። ችግር ካለ መጨረሻ ላይ 'መጠነኛ' ብለህ ጣል ታደርጋለህ። አለቃ የሚያስደነግጠው ወረቀት አይወድም» አሉኝ። እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝኩት።

ጥቅምት ገባ። ሰሊጡ ቢጫ ሆኖ ቆሟል፤ ቶሎ ታጭዶ ካልተከመረ ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል። ስልሳ የጎጃምና የወሎ አጫጆች በሣር ዳስ ሰፍረዋል። በዚያው ሳምንት ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ ተበላሸ። በርሜሉ ሲደርቅ ሰዎቹ ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ መቅዳት ጀመሩ፤ ሆዳቸው ተቃወሰ።

ቅዳሜ ሪፖርቴን ጻፍኩ። አንድ ገጽ ተኩል! በትራክተር ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄዶ ማክሰኞ ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁ ጠርዙ ላይ በቀይ «መልካም ነው፣ በርቱ» ብሎበታል። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ወረቀቱን ይዤ ወደ አጫጆቹ ስሄድ አያ ፈንቴ፣ የጎጃሞቹ አለቃ፣ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠዋል። ታናሽ ወንድማቸው አጠገባቸው ዓይኑ ጎድጉዶ ተኝቷል።

«ውሃውስ?»

«ጽፌያለሁ፣ አያ።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

አነበብኩላቸው። አብዮቱን፣ የታረሰውን፣ የታጨደውን፣ የሠራተኛውን የሥራ ፍቅር።

«እኔስ ስሰማህ ይብስ ጠማኝ» አሉ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው አልሳቁም። «ውሃው የቱ ጋ ነው?»

«መጨረሻው ላይ… 'መጠነኛ የውሃ እጥረት'።»

«መጠነኛ? ና ይኸን ሰው እየው! ቤቱ የተያያዘበት ሰው ስለ አዝመራው አውርቶ ነው እንዴ 'እሳት!' የሚል?»

እዚያው ጉልበቴ ላይ አምስት መስመር ጻፍኩ። ስልሳ ሰው ከኩሬ እየጠጣ ነው። አሥራ አንዱ ታሟል፤ አንዱ መነሳት አይችልም። ውሃና የሕመምተኛ መኪና እስከ ነገ ካልመጣ ሰዉ ይበተናል፣ ሰሊጡም ይፈሳል። በቅዳሜው ሪፖርቴ ነገሩን አሳንሼ ነበር።

ጋሼ ታምራት ሲያነቡት ፊታቸው ተለዋወጠ። «'ይፈሳል' ብለህ? ይኼ እኮ አሻጥር ነው የሚባለው! ስምህንም ልትጽፍበት?»

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ወዴት እንደሚወሰድ የማያውቅ አልነበረም። ምነው ፊደሉን ባልቆጠርኩ አልኩ። ስሜን ግን ጻፍኩበት።

ወረቀቱ ረቡዕ ጠዋት ሄደ፤ ከሌላ እርሻ የተላከ ቦቴ በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። አቧራው ከሩቅ ሲታይ ሰዉ ሁሉ ጣሳውን ይዞ ሮጠ። አያ ፈንቴ አልሮጡም። ወንድማቸው ረፋዱ ላይ አርፎ፣ በጋቢው እየጠቀለሉት ነበር።

እኔ ለአምስቱ መስመር ሁለት ሳምንት ታሰርኩ፤ ካቦነቴንም ተነጠቅሁ። ያንን ሥራ አስኪያጅ ለዓመታት ስረግመው ኖርኩ። አሁን ሳስበው ግን፣ ሰውየው ያነበበው የጻፍኩለትን ነው። ደህና ናቸው ስለው በርቱ አለ፤ ሊሞቱ ነው ስለው ውሃ ላከ። አራቱን ቀን ያባከንኩት እኔ ነኝ።

ልጄ ባሚያውን ጨርሶ ለአለቃው ሊያስገባ ያዘጋጀውን ሪፖርት ከቦርሳው አወጣ። «እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። ሦስት ገጽ ነው። መነጽሬን አደረግሁና ከመጨረሻው ገጽ ማንበብ ጀመርኩ።