ሳተርን ለአባቴ የቆመችበት ምሽት

ባለፈው ወር ዓይኔን ልመረመር ሄጄ ነበር። አገጬን ከአንድ መሣሪያ ላይ አስደግፌ፣ ግንባሬን ገፋ አድርጌ፣ ወደ ውስጥ እንድመለከት ታዘዝኩ። "እትዬ፣ አይንቀሳቀሱ፤ መሐሉን ብቻ ይመልከቱ" አለችኝ ባለሙያዋ። በጥቁሩ ውስጥ ትናንሽ ብርሃኖች ብልጭ እያሉ ይጠፋሉ፤ ባየሁ ቁጥር አንዲት ቁልፍ እጫናለሁ። ሐኪሙ ቀደም ሲል "በቤተሰብ ዓይኑን የታመመ አለ?" ብሎ ሲጠይቀኝ "አባቴ" ብዬው ነበርና፣ ሐሳቤ ሁሉ ወደ እሱ ሄዶ ሁለት ሦስቱ ብርሃን ሳልጫን አለፈኝ። ልጅቷ "ደከመዎት እንዴ?" አለች። ዓይኔ ደህና ነው ተባልኩ። ከክሊኒኩ ወጥቼ ታክሲ ተሰልፌ ስጠብቅ ግን በሐሳብ ቁስቋም ግቢያችን ገብቼ፣ ከአባቴ ጋር ቆሜ፣ ሰማይ ሳይ ነበር።

አባቴ ሹፌር ነበር። ለአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ለብዙ ዓመታት ነድቷል፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት አመላልሷል፣ ሴትየዋን ገበያ ወስዷል። ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ ዕቃቸውን ለሠራተኞቻቸው አከፋፈሉ። እናቴ ልቧን ፍሪጁ ላይ ጥላ ነበር፤ የሚቀመጥበትን ቦታ ሳይቀር ጠርጋ ጠበቀችው። አባቴ ግን ረጅም ሣጥን ተሸክሞ መጣ። ሲከፈት ቴሌስኮፕ ሆነ። ፍሪጁ ለዘበኛው ደርሶ ኖሯል። እናቴ ሣጥኑን ዞር ዞር ብላ አየችና "እሰይ! እንግዲህ ወተቱ ሲበላሽ በዚህ እያየን እናዝናለን" አለች። ያንን ፍሪጅ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ቴሌስኮፑ ለዓመታት ቁም ሣጥን ላይ ተኝቶ ከረመ። ያወረድኩት እኔ ነኝ። ኤሌክትሪክ መማር የጀመርኩበት ዓመት ነበር፤ መፍቻ መያዝ እንደ ጀመረ ሰው ሁሉ የቤቱን ዕቃ ካልፈታታሁ ያሰኘኝ ነበር። ያው ዓመት አባቴ መንዳት ያቆመበት ሆነ። ያኔ ለአንድ መጋዘን ፒካፕ ይነዳል፤ ማኪናው በቀኝ ጎኑ ከመጋዘኑ በር ጋር እየተፋተገ ያስቸግር ጀመር። እሱ በሩን ይረግማል። ኋላ ሐኪም ቤት ሲሄድ ግላኮማ ነው ተባለ። ቀኝ ዓይኑ ሳያውቀው ጠፍቷል፤ ግራው ደግሞ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ፣ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ያለ ነገር ብቻ ቀርቶታል። ያቺ እስከ መቼ እንደምትቆይ ሐኪሙም አላወቀም። "ወራት ሊሆን ይችላል" ነበር ያለው። አባቴ የማኪናውን ቁልፍ አስረክቦ ከዊንጌት እስከ ቁስቋም ያለውን ዳገት፣ ከቤት አስመጥቶኝ፣ ትከሻዬን ይዞ በእግሩ ወጣ።

መስከረም አልቆ ሰማዩ ሲጠራ፣ ሰፈሩ ሁሉ የተጠበሰ በቆሎ በሚሸትበት ሰሞን፣ ሳተርንን አገኘኋት። ቀለበቷን ሳይ ጮህኩ። ሮጬ አባቴን ጠራሁት። ግድግዳውን እየዳሰሰ መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ በዚያች በቀረችው እይታ የመስታወቱን ቀዳዳ ይፈልግ ጀመር። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ። ቆይቶ ቆይቶ "አየኋት! አቤት ስታምር! መስታወቱን ሞልታዋለች እኮ!" አለ። ሳተርን በእኛ ቴሌስኮፕ መስታወት ልትሞላ አትችልም፤ በጣም ትንሽ ሆና ነው የምትታየው። እሱ ዞር ሲል ገብቼ ተመለከትኩ። ባዶ ጥቁር ነበር። ምድር ስለምትዞር ፕላኔቷ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳትቆይ ከመስታወቱ ወጥታ ትሄዳለች፤ ጤነኛ ሰው ቴሌስኮፑን ገፋ ገፋ እያደረገ ይከተላታል። አባቴ ዓይኑን አስተካክሎ እስኪያሳርፍ እሷ የለችም። እኔን ላለማሳዘን ዋሸኝ። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሁለቱም እየሄዱ ነበር፤ የእሱ ዓይን እየጠበበ፣ ሳተርንም በየሳምንቱ ወደ ምዕራብ እያዘነበለች።

ሣጥኑ ውስጥ በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ ነበር። ንባቡን ተውኩትና ሥዕሉን አጠናሁ። ሁለት ጣውላ በበር ማጠፊያ ተያይዟል፤ ከመሐላቸው ብሎን ገብቶ በሞተር ይዞራል፤ ብሎኑ በዞረ ቁጥር የላይኛው ጣውላ ምድር በምትዞርበት ፍጥነት ቀስ እያለ ይከፈታል፤ ቴሌስኮፑ ከላይ ተቀምጦ ኮከቡን ይከተላል። ጣውላውን ከአሮጌ አግዳሚ ወንበር ወሰድኩ። ማጠፊያውን ከወጥ ቤቱ በር ነቀልኩት፤ ለዚህም እናቴ የምትለውን ብላኛለች። ሞተሩን ዊንጌት ታክሲ መያዣው አጠገብ ያለ ሬዲዮ ሠሪ ከሞተ ቴፕ አውጥቶ ሰጠኝ። በጣም ፈጣን ስለነበር ባለቀ የክር እንጨትና ከጎሚስታ ባመጣነው የጎማ ላስቲክ አዘገየነው። መጀመሪያ የሠራሁት ከቤቱ መብራት እንዲነሳ አድርጌ ነበር። የእኛ ሰፈር ነገር ይታወቃል፤ መብራት ሲጠፋ ሰማዩ ለጉድ ይጠራል፣ ሞተሩ ግን ይቆማል። አባቴ ከት ብሎ ሳቀና ከመጋዘኑ ያረጀ የማኪና ባትሪ ለምኖ አመጣ።

ብሎኑ በደቂቃ አንዴ፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ መዞር ነበረበት። ይህን ያስተካከለው የአባቴ ጆሮ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ሲሰማ የኖረ ሰው፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ "አሁን ደከመው... ላስቲኩን ጠበቅ አድርጊ... ኧረ በዛ፣ ኧረ በዛ!" ይለኛል። እኔ ሰዓት ይዤ እቆጥራለሁ። ከሥራ ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎት አላየሁትም።

የቀረን ሰሜንን ማግኘት ነበር፤ ማጠፊያው በትክክል ወደ ሰሜን ካልጠቆመ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው። በሌላ አገር ሰው የሰሜንን ኮከብ አይቶ ያነጣጥራል። እኛ አገር ኮከቡ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው፤ ከእኛ ግቢ ደግሞ እንጦጦ ጋርዶታል። ኮምፓስ ተዋስኩ፤ ግቢው ዙሪያውን ቆርቆሮ ስለሆነ መርፌው እንደ ሰካራም ይዋልላል። በመጨረሻ ብልጥ ነኝ ብዬ እናቴ የምትጸልይበትን ግድግዳ አየሁ። ጠዋትና ማታ በማርያም ሥዕል ፊት ትቆማለች፤ ሥዕሏ ወደ ምሥራቅ ነው የተሰቀለችው፤ ፊትን ወደ ምሥራቅ ካደረጉ ሰሜን በግራ እጅ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ አለ? በዚያ ልክ ጣውላውን ተከልኩት።

የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ አባቴን ጠራሁት። ሞተሩ ይሠራል፣ ብሎኑ ይዞራል። ሳተርን ግን በጎን መሮጧን ትታ በሌላ በኩል ሹልክ አለች። ዘግየት ብላለች እንጂ ሄዳለች። አባቴ ከቴሌስኮፑ ቀና አለ።

"የለችም" አለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ልጄ፣ ያኔም አላየኋትም እኮ" አለ።

"አውቃለሁ፣ አባባ።"

"ታውቂያለሽ?" አለና እጄን ፈልጎ ያዘ።

በማግስቱ ጂኦግራፊ የተማርኩትን አስታወስኩ። በሲሚንቶው ግቢ መሐል የመጥረጊያ እንጨት አቆምኩ፣ ዙሪያውን በከሰል ክብ ሠራሁ፣ ጠዋት የጥላው ጫፍ ክቡን የነካበትን ምልክት አደረግሁ፣ ከሰዓት በኋላ እንደገና የነካበትንም። ሁለቱን ምልክቶች ሳገናኝ መስመሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘረጋ። ከእናቴ ግድግዳ ጋር ግን አልገጠመም፤ በጣም ይዘምማል። እናቴ ጎመን እየቀነጠሰች ስታየኝ ቆይታ "ምንድን ነው?" አለች። ነገርኳት። ይህን ቤት የገባነው በታኅሣሥ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አይታ በዚያ ልክ ሥዕሏን ሰቀለች። ፀሐይ ደግሞ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ አፈንግጣ ነው የምትወጣው።

ጎመኑን አስቀመጠችው። "ታዲያ እኔ እስከ ዛሬ ወደየት ነው ስሰግድ የኖርኩት?"

"ወደ ኮተቤ ይመስለኛል" አለ አባቴ ከበረንዳው።

እሷ አልሳቀችም። እሑድ የንስሐ አባቷ አባ ተክሌ ቤት ሲመጡ ገና ሳይቀመጡ "አባ፣ ይፍቱኝ" ብላ ነገሩን ዘረገፈችው። አባ ተክሌ ግቢ ወጥተው የከሰሉን መስመር በመቋሚያቸው ተከትለው አዩና "ወለተ ጊዮርጊስ፣ እግዚአብሔር ጀርባውን ሰጥቶሽ ያውቃል?" አሏት። "ሐሳብሽ ምሥራቅ ነበረ፣ ተቆጥሮልሻል። ካወቅሽ በኋላ ግን ማስተካከል ነው።" ወደ እኔ ዞረው ደግሞ "አንቺ በየሰዉ ግቢ እየገባሽ ክብ እንዳትሥዪ! ሰፈሩን ሁሉ ንስሐ ታስገቢዋለሽ" አሉኝ።

እውነተኛው ምሥራቅ ያረፈው ቡፌው ላይ ነበር። ሥዕሏን ወደዚያ ለማዛወር ቡፌው መነሳት አለበት፤ ቡፌው ከተነሳ ወንበሮቹም ይነሳሉ። እናቴ ለመግፋት እጇን ጣል አድርጋ ቆም አለች። አባቴ ቤት ውስጥ የሚሄደው በእጁ ነው፤ ቡፌውን፣ ከዚያ የወንበሩን ጀርባ፣ ከዚያ የመኝታ ቤቱን በር ይዞ። "ይቅር" አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥዕሏ ባለችበት ሆና፣ እናቴ ስትጸልይ ወደ ግራዋ ዘወር ብላ ትቆም ነበር። አባቴ ይህን አላየም፤ እኔ ግን በየማለዳው አይቻለሁ፤ ስለ ትዳር የማውቀውን የተማርኩት ከዚያ ነው።

ጣውላውን በከሰሉ መስመር አስተካክዬ እንደገና ተከልኩት። ታኅሣሥ ሆኗል፤ ሳተርን ገና ሲመሽ ወደ ምዕራብ ዝቅ ብላ ትታያለች፣ ቀናችን እያለቀ ነው። አባቴ ኪሱን ሽምብራ እሸት ሞልቶ እየፈለፈለ መጣ። በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሳተርንን መሐል ላይ አድርጌ ሞተሩን ለቀቅሁና እጄን አነሳሁ። ቀዳዳውን ይፈልግ ጀመር። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ሞተሩ እንደ ንብ ጥዝዝ ይላል። ብዙ ቆየ፤ ከዚያ አንገቱ እንቅስቃሴውን አቆመ።

"አባባ?"

"ቆይ፣ አትንኪኝ።"

ወደ ኋላ ራቅ አልኩ።

"ትንሽ ናት እኮ!" አለ። ድምፁ የሕፃን ሆነ። "ምስር ነው የምታክለው። ዙሪያዋን ቀጭን ነገር... አንቺ! ከእሷ ሳይነካካ ዙሪያዋን!"

ያኔ በእውነት እንዳያት አወቅሁ። እንባዬ እየወረደ "አሁንም አለች?" አልኩት። "አለች። የትም አልሄደችም" አለ። እናቴ ከቤት ሆና "ሽሮው ቀዘቀዘ!" ብላ ተጣራች። "ይቀዝቅዝ!" አላት። "እሷ ቆማ እየጠበቀችኝ ትቻት ልምጣ?"

ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጠ አላውቅም፤ ሳተርን ከአጥሩ በላይ ካለው ባሕር ዛፍ ጀርባ እስክትገባ ነው። በማግስቱ ጨረቃን ላሳየው ሁሉን አዘጋጅቼ ጠራሁት። አልመጣም። "ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እሷን አቁመሽልኛል" አለኝ። "እናንተን የሚያቆም ሞተር ግን የለም። የቀረችኝን ዓይን ለእናንተ ላድርጋት።" ከዚያ ወዲህ ቴሌስኮፑን አልነካም። ከሰዓት በኋላ ብርሃን በሚገባበት መስኮት ፊት ያስቀምጠኝና ያየኛል። እናቴን ምግብ ስታቀርብ ያያታል፤ እሷ አፍራ "ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?" ትለዋለች። በሚቀጥለው ክረምት ያቺ የቀረችው እይታም ተዘጋች። ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ኖረ፤ ቡፌውን ይዞ፣ ወንበሩን ይዞ፣ እየቀለደ።

እኔ ዛሬ ያኔ አባቴ ከነበረበት ዕድሜ አልፌያለሁ። በኤሌክትሪክ ሙያ እንጀራዬን በላሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሰዎች ወደውኛል፣ ተቆጥተውኛል፣ አልፈውኛል። ለረጅም ጊዜ ለአባቴ ትልቅ ነገር ያደረግሁለት እኔ ይመስለኝ ነበር፤ እውነትም ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ያን ሰሞን፣ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ፀጉሬን ስጎነጎን፣ መጽሐፍ እንደያዝኩ እንቅልፍ ሲጥለኝ፣ አንድ ሰው ከዓለም የቀረችለትን ብርሃን አምጥቶ እኔ ላይ አሳርፏል። በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንደዚያ ታይቻለሁ፤ ተመስገን።