ሦስት ጣት በማን እጅ

እኔ የተማርኩት ዶሮ ነው። ስለ ዶሮ ተምሬ፣ ስለ ዶሮ ተፈትኜ፣ በዶሮ ዲፕሎማ ተመርቄ ወልድያ እናቴ ቤት ሥራ ስጠብቅ ከረምኩ። በመጨረሻ ሀብሩ ወረዳ ተመደብኩና መርሳ ወርጄ ደብዳቤዬን ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና "የዶሮው ቦታ ተይዟል፤ ዓሣ ላይ ትሆናለህ" አለኝ።

"ኧረ እኔ ዓሣ አልተማርኩም" ስለው፣ "ሁለቱም እንቁላል ይጥላሉ አይደል?" አለኝ።

ይኸው ነው። የዓሣ ባለሙያ የሆንኩት በዚች ጥያቄ ነው። ሌላው ሰው በፈተና ያልፋል፤ እኔ በእንቁላል አለፍኩ።

ዓሣው ያለው ከግራና ወዲያ፣ ለመስኖ ተብሎ በተገደበ ውሃ ውስጥ ነበር። ዕቅዳችን ላይ ግን "ሐይቅ" ነው የሚባለው። ግድብ ካልነው ውሃው ለሌላ መሥሪያ ቤት ይሄድብናል። ከዓመታት በፊት አንድ ደግ ሰው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጫጩት በበርሜል አምጥቶ ለቆበት ነበር። እኔ ስደርስ ቆሮሶው ከትሪው ጠርዝ እስከ ጠርዝ ይደርስ ነበር። አልዋሽም፣ ጅራቱ ተርፎ የሚንጠለጠልም አይቻለሁ።

ውሃውን ከሁሉ በፊት የለመዱት አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። አባባ ነበር የምላቸው። ገበሬ ናቸው፤ ከእርሻ ሲመለሱ ያጠምዳሉ። መረባቸውን የሚቋጥሩት ራሳቸው ናቸው። የመረቡን ዓይን በሦስት ጣታቸው ይለካሉ፤ ሦስቱ ጎን ለጎን ካልገባ ፈትተው እንደገና ይቋጥሩታል። የእሳቸው ጣት ደግሞ ጣት አይባልም፣ የሞፈር ቁራጭ ነው። ትንንሹ ዓሣ ሁሉ በዚያ ዓይን ሾልኮ ይሄዳል። "ይሂድ፤ አድጎ ይመጣል" ይላሉ።

ለማያውቅ ልንገር። እኛ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም አብሮ ያርሳል፣ አብሮ ይቀብራል፣ ሲያሻውም ይጋባል። ስጋ ላይ ሲደርስ ግን ቢላዋው ይለየናል። የእሳቸውን እርድ እኔ አልበላም፣ የእኔንም እሳቸው አይበሉም። ዓሣ ግን አይታረድም። ማን ባረከው፣ በማን ስም ተነካ የሚባል ጣጣ የለበትም። ቆሮሶው ተጠብሶ ትሪ ላይ ሲወርድ አባባ፣ ባለቤታቸው፣ የመጨረሻዋ ልጃቸውና እኔ ከበን እንበላለን፤ አራታችን በልተንም ይተርፋል። "አየህ ልጄ፣ አላህ ዓሣን የፈጠረ ወሎዬን አስቦ ነው" እያሉ ያጎርሱኛል። የእሳቸው ጉርሻ አፍ ይሞላል፣ እንባ ያመጣል፣ እምቢ ማለት ግን አይቻልም።

አንድ ቀን ስንበላ የሆዳቸውን ነገሩኝ። ትልቋን ልጃቸውን ሲድሩ እንደ ወጉ ሁለት ዳስ ጣሉ፤ አንዱ ለእስላሙ፣ አንዱ ለክርስቲያኑ። ዕድሜ ልካቸውን በሬ አቀናጅተው አብረው ያረሱት ክርስቲያን ወዳጃቸው በዚያኛው ዳስ በላ። ብዙም ሳይቆይ ሞተ። "በደስታዬ ቀን አላጎረስኩትም" አሉኝ፣ እጃቸውን እያዩ። "ወላሂ፣ ለዚችኛዋ አንድ ዳስ ነው የምጥል። ዓሣ ነው የማበላ፣ ሁሉንም በአንድ ትሪ። አንተንም በሰው ፊት አጎርስሃለሁ።" ልጅቱ አፍራ ወደ ጓዳ ገባች።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ልማት የመጣ።

ሰፈሩ በማኅበር ተደራጀ። ዕቅዱ ምርቱን እጥፍ አደረገው። ዓሣውን ግን ማንም አላማከረው። ከወልድያ በሸራ የተጠቀለለ አዲስ መረብ በመኪና መጣ። የርክክቡ ቅጽ ላይ "የመረቡ ዓይን፦ ከሦስት ጣት ያላነሰ" የሚል አለ። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ መለኪያ ስላልነበረው የአባባን ልማድ እንዳለ ገልብጦት ነው። የማን ጣት እንደሆነ ግን መጻፉን ረስቷል።

በርክክቡ ቀን እንግዶች መጥተዋል። ባነር ተሰቅሏል። ካሜራ የያዘ ሰውም አለ፣ ዓሣውም በዘይት እየተንጫጫ ነው። "ባለሙያው ይለካ!" ተባለ። ሦስት ጣቴን ወደ መረቡ ዓይን አስገባሁ። እስክሪብቶ ይዞ ያደገ፣ የቀጨጨ ጣት ነው። እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ፦ እሱም እንኳ አልገባም። የመሀሉን አጠፍ አደረግሁና ገፋሁት። ገመዱ ተለጠጠ፣ ሰው አጨበጨበ፣ እኔ ፈረምኩ።

አጠገቤ ቆመው የነበሩት አባባ ቀስ ብለው መረቡን አነሱት። አንድ ጣታቸው ገባ፤ ሁለተኛው እምቢ አለ። "ልጄ፣ ይኼ በማን ጣት ነው ሦስት?" አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ!

ከዚያ ወዲያ ዓሣው ታፈሰ። ጠዋት ይጣላል፣ ከሰዓት ይጣላል። ከወልድያ ምግብ ቤቶች፣ ከሐራው የባቡር ሥራ፣ ከየትም ገዢ ይመጣል፤ ባጃጁ ጆንያ እየጫነ ይወጣል። በዓመቱ ቆሮሶው መዳፍ አከለ። እንደገና ሲከርም የመዳፍ እኩሌታ ሆነ። ሆዱ ሲከፈት እንቁላል ሞልቶታል፤ ራሱ ልጅ ሆኖ ይወልዳል። ዓሣው ሞኝ አይደለም። ትልቅ የሆነ ሁሉ እንደሚያዝ አየና ማደጉን ተወው። በመሥሪያ ቤታችንም ብዙ ሰው የኖረ በዚሁ ዘዴ ነው።

አባባ ቤት ትሪው ላይ መጀመሪያ ሁለት ዓሣ ወረደ፣ ቀጥሎ አራት፣ ቀጥሎ ለየራሳችን እፍኝ እሾህ። ማንም ማንንም ማጉረስ ተወ። እሾህ ለይቶ ለሰው ማጉረስ እንዴት ይቻላል?

የዓሣው ማነስ ወሬ ወልድያ ደርሶ ኖሮ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው "የዓሣ መጠን መቀነስ መንስኤዎች" ነው። አንዱ የግንዛቤ እጥረት አለ። አንዱ የአየር ንብረት አለ። አንዱ ወፎቹ ናቸው አለ፤ ወፎቹ አልተጠሩምና መልስ አልሰጡም። ሰብሳቢው በመጨረሻ "በመሠረቱ የአመለካከት ችግር ነው" ብሎ ደመደመ። የዓሣው ይሁን የአጥማጁ አላብራራም። ዓሣውን አንድ ለአምስት እናደራጀው የሚል ሰው ስጠብቅ ነበር፤ ተርፈናል።

አባባ ከኋላ ተነሡ። "እኔ ያልተማርኩ ነኝ" አሉ። "መረቡስ? ዓሣ ግማቱ ከወደ አናቱ ይባላል።"

ሰብሳቢው ፊቱ ተለዋወጠ። "አባት፣ መረቡ በባለሙያ ተለክቶ ነው የገባ" አለና ወደ እኔ ዞረ። ሰው ሁሉ ዞረ። ያን ጊዜ አንዲት ቃል ነበረች መባል ያለባት። እኔ ግን ጫማዬን አየሁ። ጥሩ ጫማ ነበር።

ሲያልቅ ኃላፊዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ አንተ ብልህ ነህ" አለኝ። የደረጃ ዕድገት ውድድር ላይ እንደነበርኩ ያውቃል።

ክረምቱ ሲወጣ አባባ መርሳ ድረስ መጡ። ለጥር ሰርጉ ተቆርጧል። ቢሮዬ ደጃፍ ቆመው፣ ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ ብለው፣ "ልጄ፣ አንድ ቃል ብትናገርልኝ" አሉ። "መረቡን ሰብስቡት ቢሏቸው፣ ውሃው እስከ ጥር ቢያርፍ፣ ለዳሴ የሚሆን ዓሣ ይደርስልኛል። ሌላ አልጠይቅህም።"

"አብሽሩ አባባ፣ ኢንሻ አላህ እናገራለሁ" አልኳቸው። ወሎ ነውና ኢንሻ አላህ ማንም ይላል። እኔ ያን ቀን ያልኩት ግን ውሸቴን የራሴ ታቦት እንዳይሰማብኝ ሳይሆን አይቀርም። ደብዳቤ ጻፍኩ እንጂ፤ "ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል" የሚል። ጣት የሚል ቃል አንድ ቦታ የለበትም። ኅዳር ላይ ዕድገቴ ጸደቀ። ዓሣው ሲያንስ እኔ አደግሁ።

ሰርጉ ሲቃረብ አባባ የራሳቸውን መረብ ይዘው ሦስት ቀን ሙሉ ጣሉ። ዓሣ ነበር። በዚያ በሰፊው ዓይን እየገባ በወዲያኛው እየወጣ ሄደ። በአራተኛው ቀን መረቡን አድርቀው ሰቀሉትና ሁለት ዳስ አስጣሉ።

በሰርጉ ቀን "ክርስቲያን በዚህ በኩል" ተብዬ በወግ ተቀመጥኩ። ክርስቲያን ጎረቤት ያረደው በግ ነው፤ ቅልጥሙ ተመርጦ ፊቴ ቀረበ። ከወዲያኛው ዳስ ድቤው ይመታል። አባባ ነጭ በነጭ ለብሰው እንግዳ ሲቃኙ እኛ ዘንድ ደረሱና ከዳሱ ደጃፍ ቆሙ።

"ብሉ እንጂ! ብሉ!" አሉ ለሁሉም። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው "ወጡ ጥሩ ነው?" አሉኝ።

"ጥሩ ነው አባባ።"

"እንግዲህ አንተ ካልክ ነው። እኔ አልቀምሰው።"

አላስቻለኝም። ተነሥቼ በጆሯቸው "አባባ፣ ያን ቀን መረቡን ስለካ ጣቴ አልገባም ነበር፣ አጥፌ ነው የከተትኩት" አልኳቸው። ለእኔ ትልቅ ምስጢር ነበር፤ ዓመታት የተሸከምኩት።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "አጠገብህ ቆሜ አልነበር? ትናገራለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩ። ዛሬስ ምን ያደርግልኛል?"

ቁጣ የለባቸውም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀኝ እጃቸው ሊያጎርስ እንዳለ እጅ ትንሽ ከፍ አለ፤ ትሪያችንን አዩትና መልሰው አወረዱት። "ተቀመጥ፣ ይበርድብሃል" ብለው ወደ ዳሳቸው ሄዱ። ተቀመጥኩ። እንጀራውን በሦስት ጣቴ ቆርሼ ራሴ ጎረስኩ።