ዳሌዋን ጎባ ጥላ የመጣች መኪና

መነሻ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ረቡዕ ማለዳ ነው። ዓላማዬ አንድ ነበር፤ አባቴን ከጎባ ተቀብዬ በባሌ ተራሮች አናት፣ በሳነቴ በኩል ደሎ መና አድርሼ መመለስ። አባባ ጉልበታቸውን የጨረሱት በዚያ መንገድ ላይ ነው፤ ከደሎ መና ቡናና ማር ጭነው፣ ተራራውን ተሻግረው ጎባ የሚያራግፉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። አሁን የዓይን ግፊት ይዟቸዋል። ሐኪሙ "የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እንጠብቅ" ካላቸው በኋላ ደወሉልኝና፣ "ጽጌ፣ ሳነቴን አንድ ጊዜ ልየው። ፈጽሞ ሲመሽብኝ የማስበው ነገር ይኑረኝ" አሉኝ። አባባ ለምነውኝ አያውቁም። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ መንገድ ጀመርኩ።

ስለ መኪናዬም ልናገር፤ የዚህን ጉዞ ግማሽ ጣጣ ያመጣችው እሷ ናትና። ባለፈው ዓመት ያገለገለች ኤስዩቪ ገዛሁ። አራቱም ጎማዋ ይጎትታል፣ የኋላዎቹ ግን ከፊቶቹ ይሰፋሉ። ብልሽት አይደለም፤ አስፋልት ቆንጥጣ እንድትይዝ ፋብሪካው ራሱ እንዲያ አድርጎ ሠርቷታል። የሰፈራችን መኪና ጠባቂ "ዳሌያም" የሚል ስም አውጥቶላታል። እውነቱን ለመናገር እኔም ስገዛት ዓይኔ ያረፈው እዚያው ላይ ነበር።

ከአዳማ እስከ ዲንሾ

በአዳማ ታጥፌ አሰላን ወጣሁ። በቆጂ ላይ መስኮቱን ዝቅ አደረግኩት፤ ያ የደጋ ብርድ የልጅነቴን አፍንጫ ፈልጎ አገኘው። ከአሳሳ በኋላ ስንዴው መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ ይሄዳል። ዶዶላ ቆሜ ትኩስ ወተት በአምባሻ ቀመስኩ። ድሮ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባባ አልፎ አልፎ ሻሸመኔ ጭነት ሲያደርሱ ጋቢና ውስጥ አስቀምጠውኝ ሲመጡ፣ እዚችው ከተማ በሳንቲም የሚገዙልኝ ወተት ነው። ዛሬ አንዱ ብርጭቆ ሃምሳ ብር ገብቷል፤ ጣዕሙ ግን ያው ነው፣ ጭስ ጭስ ይላል።

አዳባን አልፌ ወደ ዲንሾ ስወጣ ዝናብ ያዘኝ። ውሃ የሞላው ጉድጓድ ሜዳ መስሎኝ ገባሁበት፤ ከኋላ በቀኝ በኩል ድው አለ። ወርጄ ሳይ ሰፊው ጎማ ጎኑ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት አውጥቷል። የፊቶቹም ለበጋ አስፋልት የተሠሩ ጎማዎች ስለሆኑ በዝናቡ ሲዋኙ ነው የመጡት። ስኮርታ ብዬ ያወጣሁት ደግሞ የብስክሌት ዘመድ የሚመስል ቀጭን ነገር ነው፤ እስከ ጋራዥ ያድርስሽ ተብሎ የሚሰጥ። በክሪክ አንስቼ እየተራገምኩ ቀየርኩት። ከአንድ ጽድ ዛፍ ሥር ሁለት ደጋ አጋዘኖች ቆመው ያዩኛል። የሚረዱኝ ይመስል ደጋግሜ ቀና እያልኩ አየኋቸው። ከዚያ እስከ ጎባ በዚያች ቀጭን ጎማ እንደ እርጉዝ ሴት እየተጠነቀቅኩ ደረስኩ።

ጎባ

አባባ በራፉ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አቅፈው ሳሙኝና እኔን ትተው ወደ መኪናዋ ሄዱ። ልማዳቸው ነው፤ ቤታችን የመጣ መኪና ሁሉ ከባለቤቱ ቀድሞ ይጨበጣል። በግራ በኩል የፊቱን ጎማ በስንዝር ለኩት፣ ከዚያ የኋላውን። እንደገና ወደ ፊቱ ተመለሱ።

"ጽጌ፣ ይህቺን መኪና ማነው የሸጠልሽ?"

"አንድ ሰው ነው። ምነው አባባ?"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ። "አታልሎሻል ልጄ። የሁለት መኪና ጎማ ነው የገጠመልሽ።"

ሳቄ አመለጠኝ። ፋብሪካው እንዲያ እንደሠራት አስረዳኋቸው።

"ፋብሪካው ጎባን አይቶታል?" አሉ። "መኪና ዳሌ ምን ያደርግላታል? ልትጨፍር ነው? የፊቱ ወደ ኋላ፣ የኋላው ወደ ፊት ካልተዘዋወረ ጎማው ምን ዕድሜ ያገኛል?"

ይህንን ሲሉ ግቢያችን እንደ ድሮው ሆነ። በዓል ሲደርስ አባባ ያንን ትልቅ መኪና አቁመው ጎማ ያዘዋውሩ ነበር። እናቴ ነፍሷን ይማርና ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ አንዱን ታንከባልላለች፤ እኔ ከኋላ ሆኜ እገፋለሁ እያልኩ እንጠለጠልበታለሁ። ግቢው የእርጥብ ሸራና የቡና ሽታ ይሸታል። "የፊት ጎማ ነፍስ ነው፣ የኋላ ጎማ ንብረት ነው" ይሉ ነበር አባባ፣ ደህናውን ሁልጊዜ ወደ ፊት እያመጡ። ያ ሽታ ናፈቀኝ፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሜ ናፈቀኝ።

ሮቤ

በማግስቱ ሁለታችንም ወደ ሮቤ ወረድን። ጎባ የባሌ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን እኛ የጎባ ልጆች ሮቤን የገበያ ሜዳ እያልን እንንቅ ነበር። የናቁት ያደርጋል ራቁት፤ ዛሬ ፎቁም ጎማውም ያለው ሮቤ ነው። አባባ ይህን ስነግራቸው "ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል" አሉኝ።

የጎማ ነጋዴው ሐጂ ከድር ይባላሉ፤ አባባን ከሾፌርነት ዘመናቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል። ቁጥሩን ነገርኳቸው፤ ከፊት 255/50፣ ከኋላ 285/45፣ ቸርኬው፣ ጎማው የሚገጠምበት ብረት፣ ሁሉም 19 ኢንች።

"ለበጋም ለክረምትም የሚሆን ጎማ ነው የምፈልገው" አልኩ። "ጎኑ ላይ የጭቃና የበረዶ ምልክት ያለው።"

"የፊትሽ ቁጥር አራት ፍሬ አለኝ፤ ለሌላ ሰው መጥቶ የቀረ ነው" አሉ ሐጂ። "የኋላሽ ግን እንኳን ሮቤ፣ ሻሸመኔም የለም። ከአዲስ ይታዘዛል፤ ኢንሻአላህ በሳምንት ይደርሳል።"

ሳምንት አልነበረኝም፤ ሰኞ ሥራ እገባለሁ። አባባም ከዚህ በኋላ ስንት ሳምንት እንደሚያዩ ማንም አልነገረንም። እንግዲህ መምረጥ ነው። ትልቁን የጭቃ ጎማ ሐጂ አሳዩኝ፤ ከጭቃ ያወጣል፣ ቁመቱ ግን ስለሚበልጥ መሪ ስጠመዝዝ ከመከላከያው ጋር ይፋተጋል። ሰፊው የኋላ ቸርኬ ላይ ጠባቡን እንግጠመው የሚል ሐሳብም መጣ፤ ያንን እኔ እንቢ አልኩ፤ ጎማው ተወጥሮ ከንፈሩ ቸርኬውን በደንብ አይነክስም። ሁለቱን አዲስ ከፊት፣ አሮጌውን ከኋላ እንዳልል ያበጠው አለ።

"የኋላውን ቸርኬ ራሱን ብናጠብበውስ?" አልኩ። "እንደ ፊቶቹ ያሉ ሁለት ቸርኬዎች ቢገኙ አራቱም 255/50 ይሆናሉ።"

አባባ ፈገግ አሉ፤ ግን ወዲያው ተጠራጠሩ። "ቁመቱስ? አራቱም የሚጎትት መኪና አንዱ ጎማ ካጠረ ሆዱን ያመዋል።"

"እኩል ነው አባባ። 255 ስፋት ነው፣ 50ው የጎኑ ቁመት የስፋቱ ግማሽ ነው ማለት ነው። የሰፊው ደግሞ 45 ስለሆነ የስፋቱን ግማሽ አይሞላም። ሲሰላ ሁለቱም አንድ ቁመት ላይ ይደርሳሉ።"

አላመኑኝም። ወጥተው ደህናውን የኋላ ጎማ ከታች እስከ ላይ በስንዝር ለኩ፤ ተመልሰው የፊቱን ለኩ። "እኩል ነው" አሉ ለሐጂ፣ እሳቸው ያገኙት ይመስል። ሐጂም ስልካቸውን አንስተው ሻሸመኔ ደወሉ። ቸርኬዎቹ በማግስቱ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስረው መጡ፤ የቀዳዳቸውንም የጥልቀታቸውንም ልክ አመሳክረን ገጠምን። ከፊት የወረደው አንድ ደህና ጎማ ሐጂ ጨምረው ባስመጡት ሦስተኛ ቸርኬ ላይ ተገጥሞ ስኮርታ ሆነ። አባባ ዞር ዞር እያሉ አራቱንም ዳሰሱ፣ "አሁን ሰው ሆነች" አሉ።

ሳነቴ

በነጋታው ቁርስ በልተን ወደ ላይ ወጣን። የአስታው ቁጥቋጦ እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ ሜዳው ላይ ስንደርስ ጉም ወረደብን። ከመኪናዋ አፍንጫ ወዲያ ያለው ሁሉ ነጭ ነው። አስቤው የመጣሁት ጅብራው፣ ኩሬው፣ ቀይ ቀበሮው፣ ሁሉም ጠፋ። መብራት አብርቼ በእግር የሚሄድ ሰው የሚቀድመኝን ያህል ቀስ አልኩ።

አባባ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብለው፣ "ጽጌ፣ መሸ እንዴ?" አሉ።

"ጠዋት ነው አባባ። ጉም ነው።"

"ጉም ነው" አሉ ቀስ ብለው። "እሺ። ደግ ልጅ ነሽ።"

ያኔ ገባኝ። ዓይናቸው እዚሁ መንገድ ላይ የጠፋ መስሏቸዋል፤ እኔ ደግሞ እንዳያዝኑ የምዋሻቸው።

"በእማዬ አጥንት፣ እኔም አይታየኝም!"

"እናትሽም ብትኖር እንዲሁ ትለኝ ነበር።"

መኪናዋን አቆምኩ። እንዲያ እያለሁ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። አባባ መስኮቱን አወረዱና ወደ ድምፁ ዞረው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡ፤ ከዚያ "ኩን ማሊ?" አሉ፤ ይህ ምንድን ነው ማለታቸው ነው። ጉም የሚለውን ቃል ሆን ብለው አላወጡም፤ የማያውቃቸው ሰው ራሱ እንዲለው ፈልገዋል።

"ሁሪዳ፣ አባ ኮ!" አለ ድምፁ፤ ከዚያ ብርድ ልብስ የተከናነበ ጎልማሳ ከነፈረሱ መስኮቱ አጠገብ ብቅ አለና ለእኔ በአማርኛ ደገመው። "ጉም ነው! የፈረሴን ጆሮ እንኳ አላየውም፣ ወላሂ። እናንተን በሞተሩ ድምፅ ነው ያገኘኋችሁ።"

"ሁሪ" አሉ አባባ። ትንፋሻቸውን ለቀቁት። "ሁሪ ነው አልክ?"

"ሁሪ።"

"ገለቶሚ" ብለው አመሰገኑት፣ እጁንም ይዘው ቶሎ አልለቀቁትም። ሰውዬው ሲሄድ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺም አይታይሽም?"

"ምንም።"

"እንግዲያው እኩል ነን። ንጂ።"

እንባዬን በሹራቤ እጅጌ ጠርጌ ነዳሁ። አባባ ጆሯቸውን ወደ ጎማው አድርገው መንገዱን ይነግሩኛል፤ "አሁን ጠጠር ነው"፣ "አሁን ውሃ አለ"፣ "አሁን ወደ ግራ ይታጠፋል"። በአንዱ ቦታ ወደ ቀኝ ታጠፈ። "ቀይረውታል" አሉ ቆፍጠን ብለው። "ቀይረውት ይሆናል" አልኩ። አዲሱ ጎማ እርጥቡን ጠጠር ይዞ አንድም ጊዜ አልተንሸራተተም።

ሜዳው አልቆ መንገዱ ወደ ሐረና ጫካ የሚወርድበት ጫፍ ላይ ጉሙ ተገለጠ። ድሮ ሾፌሮች ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት ቆመው ፍሬን የሚያዩበት፣ እኔም ልጅ ሆኜ የአባባን እጅ ይዤ ወደ ታች የማይበት ቦታ ነው። አሁን እኔ እጃቸውን ይዤ አወረድኳቸው። እስከ ዓይን ማብቂያ ጫካ ነው።

"ምን ይታይዎታል አባባ?"

አንገታቸውን ወደ ፊት ሰገግ አደረጉ። "አረንጓዴ" አሉ። "ዛፍ የለውም፤ አረንጓዴ ብቻ ነው። የሪራ መንደር እዚያ ጋ ናት፣ አይደል?" ጣታቸው ያመለከተው ትክክል ነበር። እኔ ብርዱን መቋቋም አቅቶኝ እንሂድ እስክል ድረስ እሳቸው ዞር አላሉም።

ደሎ መና ወርደን በላን፣ ሙቀቱን አማረርን፣ ማር ገዝተን በዚያው መንገድ ተመለስን። አባባ በምሳ ላይ ያወሩት ስለ ጉሙ ብቻ ነበር፤ ለአሳላፊው ሳይቀር "ፈረሰኛው ራሱ አላየም!" ይሉት ነበር።

መልስ

ከጎባ ስነሳ ሰፊዎቹን ቸርኬዎች ግቢው ውስጥ ተውኳቸው፤ አባባ ጽጌረዳ ሊተክሉባቸው ነው። መኪናዋን ዞረው ዳሰሱና፣ "ጎማው በስንት ኪሎ ሜትር ይዘዋወራል?" አሉኝ።

"በአስር ሺህ ገደማ።"

አሰቡ። "አስር ሺህ ሩቅ ነው። መንገዱ መጥፎ ነው፤ በአምስት ሺህ አድርጊው። ደግሞ ለሌላ ጎሚስታ አታስነኪው። እዚህ አምጪው፤ እኔ በእጄ አያለሁ።"

"እሺ አባባ።"

አዲስ አበባ እሁድ ማታ ደረስኩ። የመኪና ጠባቂያችን ከኋላ ዞሮ አይቶ "ዳሌዋስ?" አለኝ። ጎባ ቀረ አልኩት። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ስለ ጎማ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ለበጋም ለክረምትም የሚሆነውን፣ አራቱን እኩል አድርጎ መግጠምን። የተማርኩት ግን አባቴ ጎማ አመካኝተው ሲለምኑ ምን እንደሚመስሉ ነው። ከቤቴ በታች ያለው ጎሚስታ በር ላይ "ጎማ እናዘዋውራለን" የሚል ጽሑፍ አለ፤ ባለፍኩ ቁጥር ይጠራኛል። ይህን ለአባባ አልነገርኳቸውም። ገና ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር አልሞላሁም፤ የሚቀጥለውን ወር ፈቃድ ግን ጠይቄያለሁ።