እዚሁ ያመረቀዘ ቁስል

ሲስተር ዙለይካ ተረጋግታ ምሳ የበላችበትን ቀን ባልደረቦቿ አያስታውሱም። አዳማ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ናት፤ የአንዱን ቁስል ሸፍና ሳትጨርስ ሐሳቧ ቀጣዩ አልጋ ላይ ነው። በዚያ ሳምንት ግን ባሰባት።

ምክንያቱ ኦቦ ገላና ነበሩ። ዓለም ጤና ከተማ አቅራቢያ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው፤ የመስኖ ፓምፕ ቅልጥማቸውን ተልትሏቸው ነው የመጡት። ቁስሉ እየጠገገ ስለነበር ዙለይካ በቅርቡ ቤትዎ ይገባሉ ብላቸው ነበር። አንድ ጠዋት ፋሻውን ስትፈታ ሽታው ቀድሞ ደረሳት። አመርቅዟል።

ከጎናቸው የተኛው ሰው ስኳር በሽታ እግሩን ያቆሰለው፣ መግሉ አልደርቅ ያለ ነው። ዙለይካ አንዴ ይህን አንዴ ያንን አልጋ አየች። ከሰዓት የባልደረቦቿን ዙር ተከትላ ስታይ ነገሩ ተገለጠላት። ቁስል የሚጠረግበት አንዱ መቆንጠጫ፣ መድኃኒት ውስጥ ነከር ብቻ እየተደረገ፣ ከሚመግለው ቁስል ወደ ንጹሑ ከአልጋ አልጋ ይዞራል። እሷም ስትሠራ የኖረችው እንዲሁ ነው።

ለክፍሉ ኃላፊ ለሲስተር ሀሴት ነገረቻት። ሀሴት ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ያለው ዕቃ ይኸው ነው፣ ሌላ ከየት ላምጣ አለቻት። ዙለይካም ዕቃ እስኪመጣ ቢያንስ ተራው ይገልበጥ አለች፦ ንጹሑ ቁስል ቀድሞ ይታጠብ፣ የሚመግለው መጨረሻ ይሁን፣ መቆንጠጫውም በእንፋሎት ሳይመክን ሌላ ሰው አይንካ። ሀሴትም እስቲ ሞክሪው አለች።

በማግስቱ ዙሩ እስከ እኩለ ቀን ተጎተተ። ዙለይካ ከማምከኛው ክፍል ስትመላለስ ጫማዋ ተረከዟን ላጠው። አስታማሚዎች አጉረመረሙ፤ አንዷ ባልደረባዋም ሥራ አበዛሽብን ብላ አኮረፈቻት። ኦቦ ገላና ደግሞ ትኩሳት ጠንቶባቸው እንደገና ኦፕራሲዮን ክፍል ገቡ።

እግራቸው ተረፈ። ሻል ሲላቸው ዙለይካ አልጋቸው አጠገብ ቆመች። ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም።

"ኦቦ ገላና፣ ይህ ቁስል ያመረቀዘብዎት እዚሁ፣ በእኛ እጅ ነው" አለቻቸው።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሳቸው ሆስፒታል ሲቆዩ ሽንኩርቱ ሳይነቀል ማሳ ላይ መበስበሱን ለዙለይካ የነገረቻት ሚስታቸው ቦንቱ ናት። ዙለይካም ተራቸው ሲደርስ እየሄደች ቁስሉን አጠበች።

ሀሴትም ተጨማሪ መቆንጠጫ እንዲመጣ ጠይቃ ኖሮ ግማሹ መጣ። ያኮረፈችውም ባልደረባ፣ ፊቷ ባይፈታም፣ አዲሱን ተራ ያዘች። የሚያመረቅዘው ቁስል ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

ኦቦ ገላና ሊወጡ ሲሉ ዙለይካ ለመጨረሻው ፋሻ ተጠጋች። እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

"እጅሽን ታጥበሻል?"

"ታጥቤያለሁ፣ ኦቦ።"

እግራቸውን ዘረጉላት። የተሳፈሩበት ሚኒባስ ሳይነሳ አልጋቸው ላይ ከሁሩታ የመጣ ሌላ ቁስለኛ ተኝቶ ነበር።