ላልሠራሁት ጥፋት የተለመነልኝ ይቅርታ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ሞላ ነጭ ጋቢውን ለብሶ መጣ። ልጄ ዓለምነሽ ዳባት ባለ የመንግሥት ድርጅት ትሠራለች፤ ደንበኛ አመናጭቀሻል ተብላ የዲሲፕሊን ክስ ቀርቦባታል።

«ተነሳ እንጂ! ሁለት ሽማግሌ ጨምረን አለቃዋን እንለምን» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ሞላ ክፉ ሰው አይደለም፤ ያስቆጣኝ የቆየ ነገር ነው።

ወጣት ሳለሁ ደባርቅ መንገድ ጥገና ላይ እሠራ ነበር። ክረምት ሲገባ የሊማሊሞ ቁልቁለት ጭቃ ብቻ ይሆናል፤ ጉሙ ከገደሉ እየወጣ አጠገብህ ያለውን ሰው ይሰውርብሃል። ናዳ ሲያሰጋ መንገዱን በሰንሰለት እንዘጋለን። አንድ ቀን ተረኛ ጠባቂው እኔ ነበርኩ። የገብስ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ሳለ አለቃችን መጣና ከኋላው የቆመውን የወዳጁን የጭነት መኪና «አሳልፈው» አለኝ።

«ጌታዬ፣ መንገዱ ያሰጋል።»

«አሳልፍ ተባልክ!»

ሰንሰለቱን ፈታሁ። መኪናው መታጠፊያው ላይ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ተጋደመ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልሞተም። በማግስቱ ግን ሰንሰለቱን በገዛ ፈቃዱ የፈታ ተብዬ ተከሰስኩ!

አለቃው ለብቻዬ ጠርቶ «እመን» ሲለኝ፣ የሠራተኛ ማኅበራችን ተጠሪ በሌለበት አልናገርም አልኩ። ትምህርት ቤት ባልገባም በራሴ ጥረት ማንበብ ችዬ ነበርና ማኅበሩ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የተፈራረመውን ስምምነት አውቀው ነበር፤ ሠራተኛ ክሱ ተነግሮት፣ ተጠሪው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ምስክሩን አቅርቦ ይሰማ ይላል።

አባቴ የሚያውቁት የአገሩን ወግ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲቆጣ ይለመናል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ቄስና ሁለት ሽማግሌ ይዘው የአለቃው ደጅ ቆሙ። ለልመና የሄደ ሰው ማን አጠፋ ብሎ አይከራከርም። «ልጅ ነው፣ አጥፍቷል፣ ለእኛ ሲሉ ይማሩት» አሉ።

ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ስቀርብ አለቃው ፈገግ ብሎ «ምን ያከራክረናል? አባቱ አምነውልናል» አለ።

ተጠሪያችን ጋሽ ደሴ፣ ግሬደር ነጂው፣ ብድግ አለ። «አባቱ ሰንሰለቱ አጠገብ ነበሩ? ከነበሩ እሳቸውን ያባርሯቸው፣ ይህን ልጅ ይተዉት!»

በመስኮት የሚያዳምጡት ሠራተኞች ሳቁ። ውጭ ይጠብቁ የነበሩት አባቴ ግን አልሳቁም። ገብተው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ጌታዬ፣ የለመንኩት ቁጣዎ እንዲበርድ ነው። ያላየሁትን አልመሰከርኩም። ልመናዬን በልጄ ላይ ማስረጃ ያደርጉታል ብዬ አላሰብኩም።»

ማን ሰምቷቸው! ተባረርኩ። ማኅበሩ ይግባኝ ብሎ፣ የመኪናው ሾፌር ራሱ እውነቱን ተናግሮ፣ ገብስ ሲታጨድ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አለቃውን ግን የጠየቀው የለም። ዛሬም የሚያንገበግበኝ መባረሬ አይደለም። የሽማግሌን ትሕትና ወስዶ የልጁ ማሰሪያ የሚያደርግ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? አባቴ ከዚያ ወዲያ ለማንም አለቃ ደጅ አልቆሙም።

ሞላ ከመምጣቱ በፊት ዓለምነሽ ማታ ደውላ «አባዬ፣ አትስጋ፤ የማኅበራችን ተጠሪ አብራኝ ትገባለች» ብላኝ ነበር። ስለዚህ ሞላን አስቀመጥኩት።

«ጋቢህን አውልቅ። መጀመሪያ ልጄ ትሰማ። አጥፍታ ከተገኘች ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ልጠይቅ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ። ሳትሰማ ግን ከዚህ ቤት አንድም ሰው ለልመና አይወጣም።»