የልጅቷ ደም የማያውቀው ነገር

እስቲ እጇን እዩት። አውራ ጣቷ በሳሙናና በአልኮል ብዛት እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። በልጆች ክሊኒክ ደም የምትወስደው ነርስ ናት፤ ልጆቹ «ማር የሌላት ንብ» ይሏታል። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ በተቀመጠችበት እንቅልፍ ያልጣላት ሳምንት የለም። የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። በዚያ ክፉ ጊዜ በሽታውን ይዤ እንዳልገባ ብላ፣ እናትየው ሰሃኑን በመስኮት እያቀበለቻት ጓሮ ባለችው ክፍል ብቻዋን ትበላ ነበር። ማንም «ጎሽ» አላላትም። እኔ ልበላት።

ልጅ ሲቀርብላት መጀመሪያ ክንዱን በሞቀ ፎጣ ጠቅልላ ታቆያለች፤ ደም ሥሩ እንዲወጣላት። ከዚያ «ግራ ወይስ ቀኝ?» ትለዋለች። መወጋቱ ላይቀር፣ ክንዱን እንኳ ራሱ ይምረጥ ነው ነገሩ።

በቀደም አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ከአባቷና ከአክስቷ ጋር ውጤት ለመስማት መጣች። ቤተሰቡ አያትየውን በወረርሽኙ አጥቷል። ያኔ ሁሉም አፍንጫቸውን ተመርምረው ልጅቷ ብቻ «የለባትም» ተብላ ነበር። አሁን ደግሞ ሁሉም ደም ሰጥተዋል።

«ልጅቷ አንቲቦዲ አላት» አለች ነርሷ። «ሰውነቷ ቫይረሱን የሚዋጋበትን መሣሪያ ሠርቷል ማለት ነው። ተይዛ ነበር። ምናልባት ገና ሳይባዛ ቶሎ ስለደረሰበት ይሆናል አፍንጫዋ ላይ ያልተገኘው። ልጆች ላይ እንዲህ ያጋጥማል።»

አክስት ከወንበሯ ብድግ አለች። «አላልኩም? አፍንጫዋ ቢደብቃት ደሟ አጋለጣት! አባቴን የበላችብኝ እሷ ናት!»

«ተይ እንጂ እቴ» አለ አባት፣ ጫማውን እያየ። ተይ ብሎ ዝም! አባትነቱ እዚያው ላይ አለቀ።

ልጅቷ ወደ ነርሷ ቀና አለች። «እኔ ነኝ አያቴን የገደልኩት?»

ሰው ሲመረው የሚዘለው አጭሩን አጥር ነው። ነርሷ ይህን ክስ ከስንቱ አፍ ሰምታዋለች። ሰልችቷታል፤ እግሯ አብጧል፤ «ዶክተሩን ጠይቁ» ብላ ብትሸኛቸው የሚፈርድባት የለም። አልሸኘቻቸውም። ወንበሯን ስባ ከልጅቷ ፊት ተቀመጠች።

«አንቺ ማንንም አልገደልሽም፣ የኔ እናት። የገደላቸው በሽታው ነው። ደምሽ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሽታው መጣ፣ ሰውነትሽ ታገለው። ከማን መጣ፣ ወደ ማን ሄደ፣ እሱን አያውቅም።»

«ታዲያ ማን አመጣው?» አለች አክስት።

«እሱን የሚነግረኝ መርፌ የለኝም፣ እህቴ። ይኸው አንቲቦዲ ባንቺም ደም ውስጥ አለ፤ በወንድምሽም ደም ውስጥ አለ። አንቺን ልክሰስሽ?»

አክስት ተመልሳ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ለአባቷ ይሁን ለሐፍረቷ እንጃ።

ሲወጡ ልጅቷ የማንንም እጅ አልያዘችም፤ ከኋላ ከኋላ ትከተላለች። ነርሷ አባትየውን ከበሩ መለሰችው። «እኔ ብነግራት ምን ዋጋ አለው? እኔ ባዳ ነኝ። አንተ ንገራት፤ እህትህም ትስማ።»

«እሺ፣ ቤት ስንደርስ» አለ።

ቤት ስንደርስ! ልጅቷ ያን ሁሉ መንገድ ነፍሰ ገዳይ ሆና ልትሄድ ነው። ነርሷ ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ ሌላ ልጅ ተራውን ይጠብቃል።

እባካችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ የተባለ ልጅ ካለ ለነገ አታሳድሩት። አሁኑኑ ጥሩትና፣ የከሰሰው ሰው እየሰማ፣ ጮክ ብላችሁ «አንተ አይደለህም» በሉት።