እንደ አራስ የተያዘው ቴሌቪዥን

ስሙን አፍሬ አልጠየቅኩትም፤ "ባለስክሪኑ" እንለዋለን። በግድግዳ የምንዋሰነው ጎረቤታችን ነው። ከሸሚዙ ኪስ ለስላሳ መጥረጊያ ጨርቅ አይጠፋም።

"ኤልኢዲው ቴሌቪዥን ቻይ ነው ወንድሜ፤ ኦሌዱ ግን ጥራቱ ሌላ ነው። ብቻ አንድ ምስል ካቆምክበት ይቃጠላል" ይለኛል። እኔ ምን አውቄ፤ እሺ እላለሁ።

የሱ ኦሌድ ግድግዳውን ያክላል። ላስቲኩ አልተላጠም፤ በላዩ ደግሞ ሚስቱ የሰፋችለት ልብስ አለ። እንደ አራስ ተሸፋፍኖ ይውላል። እሷን ግን ክረምት ከበጋ በአንድ ሹራብ ነው የማያት። ይቃጠላል ብሎ አይከፍተውም፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እኛ ቤት ናቸው።

የኛው አሮጌ ቴሌቪዥን መሃሉ ላይ አረንጓዴ መስመር አለው። ትናንት ከልጆቹ ጋር ኳስ እያየን ባለስክሪኑ በሩ ላይ ቆመና፣ "ኑ ወደ ቤት! ይሄ ዓይን ያጠፋል" አላቸው።

ትንሿ ልጁ ዞርም አላለች። "አባዬ፣ ቤት ምን እናያለን? ልብሱን?"

ሚስቴ ሳቋን ዋጠች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እሱ ጨርቁን አውጥቶ የኛን ስክሪን ጠረገ፤ መስመሩ አልለቀቀም።

"እንደኔ ብትይዙት እኮ እንዲህ አይሆንም ነበር" አለና ልጆቹ መሃል ተቀመጠ። "በሉ፣ ድምፁን ጨምሩት።"